የመምህር እሱባለው ሁለተኛ ዐይን

«ልጅቷ እጇ ይሠራል፤ አልዋሽም። ፈጠራ ግን የላትም። ዛሬ ከሰዓት ፈታኟ ባለችበት እጥላታለሁ» አለ መምህር እሱባለው፣ ከችፑዱ ማዶ። ከችፑዱ ወዲህ ደግሞ «ልጅቷ» የተባለችው የትናየት የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ጋ እንደያዘች ቀረች።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ዘርፌ የምታከራየው ይህ ቤት ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ኮሌጁ ተከፍቶ ተከራይ ሲበዛ አናጢ ጠርታ መሀሉን በስስ የችፑድ ጣውላ አስጋረደችና አንዱን ቤት ሁለት አደረገችው፤ ኪራዩን ግን ለሁለት አልከፈለችውም። መስኮት ያለውን ወገን መምህር እሱባለው በሁለት ሺህ ብር ያዘ፤ መስኮት የሌለውን ተማሪዋ የትናየት በአንድ ሺህ አምስት መቶ። ችፑዱ ጣሪያው ድረስ ስላልደረሰ አንዲት አምፖል ከላይ ተንጠልጥላ ለሁለቱም ታበራለች፤ ማብሪያ ማጥፊያው ግን በመምህሩ በኩል ነው። እሱ መተኛት ሲያምረው እሷ ማንበብ ታቆማለች። ሲያስነጥስ «ይማርዎ» ልትል አፏ ይከፈትና መልሳ ትዘጋዋለች፤ ምክንያቱም ሁለቱም ያንን ችፑድ የድንጋይ ግንብ ነው ብለው ተስማምተዋል፤ ስምምነቱን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ። ክፍል ውስጥ ሲገናኙ እሷ ማንኮራፋቱን አታነሳም፣ እሱም ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራውን አያነሳም።

ትናንት የእሱባለው እናት ወይዘሮ ታደለች ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። ልጃቸው «ዐርብ ዕለት ምስሌ ኮሌጅ ውስጥ ይሰቀላል» ብሎ ስለደወለላቸው፣ ገብስ ቆሎና በሶ በከረጢት ይዘው፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተንገጫግጨው ነው የደረሱት። የችፑዱን ስምምነት ስለማያውቁ ድምፃቸውን አይቀንሱም።

«ምን በድላህ ነው?» አሉ።

«አልበደለችኝም እማ። የሙያ ጉዳይ ነው። ያዘዝኳትን ነው ቁጭ ብላ የሠራችው። ያዘዙትን መሥራት ፈጠራ ነው?»

«ባትሠራውስ ኖሮ?»

«ባትሠራውማ ድሮ ጥያት ነበር።»

 ከዚያ በኋላ የተሰማው የጫማ ብሩሽ ድምፅ ብቻ ነው።

የትናየት ሻዩን አስቀመጠች። መውደቅ በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመት መድገም ማለት ነው፤ ዘንድሮ ግን እንደዚያ አይደለም። የሥዕል ክፍሉ ተማሪ አነሰው ተብሎ ከእነሱ በኋላ ሊዘጋ ተወስኗል። የወደቀ የሚደግምበት ክፍል የለም፤ ሦስት ዓመት የተማረችው፣ የበላችው ሽሮ ሳይቀር፣ እንዲሁ ሊቀር ነው። ወገዳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል እንድታስተምርለት ዲፕሎማዋን እየጠበቀ ነው። «ያዘዘኝን ስለሠራሁ ሊጥለኝ» ብላ አሰበችና ሳቋ መጣ፤ ተከትሎ እንባዋ መጣ፤ ችፑዱን አስባ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ጠባቸው፣ ጠብ ከተባለ፣ የተጀመረው «ተጽዕኖ ፈጣሪ ሠዓሊያንና የተማሪ ፈጠራ» በሚባለው ትምህርት ላይ ነው። እሱባለው የዓለምን ታላላቅ ሠዓሊያን የሚያስተምረው ከፎቶ ኮፒ ነው። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ የውጭ አገር ቀይና ሰማያዊ አርብ ገበያ የደረሰው ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ያውም የኮፒ ኮፒ ሆኖ ነው። አበባው የሚባል የክፍል ጓደኛዋ የአንዱን ታላቅ ሠዓሊ የአበባ ሥዕል አይቶ ተመሰጠና አንድ እቅፍ አበባ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ግራጫ አድርጎ አቀረበ፤ እሱባለው «ድፍረት ማለት ይህ ነው» ብሎ ኤ ሰጠው። የትናየት ግን «ተጽዕኖ ያሳደረብኝ ሠዓሊ» ብላ ያቀረበችው አጎቷን መሪጌታ ቀለመወርቅን ነበር። በጋይንቷ ቤተ ልሔም አካባቢ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ የሣሉት እሳቸው ናቸው፤ እሷም ቀለም እየበጠበጠች ከሥራቸው ያደገች ናት።

«እሳቸው ተጽዕኖ ፈጣሪ አይደሉም» አለ እሱባለው።

«እኔ ላይ ግን ፈጥረዋል ቲቸር» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እሱባለው አልሳቀም፤ የተሳቀበትን የማይረሳ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው ሁሉ «የደብተራ ሥራ» ሆነ። የዐርቡን ገበያ ሣለች፤ ሰውም አህያም ትልልቅ ዐይኑን አፍጥጦ ተመልካቹን ያያል። «ይህ ገበያ ሳይሆን አህያ የገባበት ቅዳሴ ነው» ብሎ መለሰላት።

ፈጠራ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ የእሱባለው ቢሮ ይግባ። ከወንበሩ ጀርባ፣ በኮሌጁ ውስጥ ያለው ብቸኛ ባለቀለም የውጭ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ስሙን ሁሉም የሚጠራው አንድ ዝነኛ ሠዓሊ የሠራው የሴት ምስል ነው፤ ፖስተሩ ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጠቅልሎ የመጣ። ሴትዮዋ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ዐይኖቿ ግን ሁለቱም ባንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረዋል። የኮሌጁ ጥበቃ ጋሽ ካሴ መጀመሪያ ያዩዋት ቀን «ምን አግኝቷት ነው?» ብለው ጠየቁ። እሱባለው ስለ ሥነ ጥበብ አብዮት፣ አንድን ነገር ካንድ በላይ አቅጣጫ ስለማየት ከልቡ አስረዳቸው። ጋሽ ካሴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና «እግዜር ይማራት» ብለው ወጡ።

እንግዲህ ኮሌጁ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ሊያስመርቅ ሲነሳ የክፍሉ ኃላፊ ምስል መግቢያው ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ፤ የወሰነው ኃላፊው፣ ራሱ እሱባለው ነው። እጇ እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ሥራውን የመመረቂያ ሥራዋ እንዲሆን ለየትናየት ሰጣት። «በጎን ነው የምትሥይኝ» አላት፣ ከመርካቶ የገዛውን ክብ የሠዓሊ ቆብ እያስተካከለ። «እንደ ጥንት የጣሊያን መኳንንት። አፍንጫዬን ሳትፈሪ ሥሪው።» አፍንጫው በእውነት የሚያኮራ ነው።

በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ግድግዳ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጻድቅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያያል። ኃጥእ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዐይን ይሣላል። ይሁዳ አንድ ዐይን ነው ያለው፤ ሰይጣንም አንድ፤ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በሙሉ አንዳንድ ነው የደረሳቸው። እሱባለውም ይህን አያጣውም፤ እንዲያውም በየዓመቱ ለፈተና ያወጣዋል። ነገር ግን ለፈተና ማውጣት ሌላ፣ ስለ ራስ አፍንጫ ሲያስቡ ማስታወስ ሌላ ሆነበት። የትናየት ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ያ የክፍሉ ሳቅና ከዚያ በኋላ የቀመሰችው ሁሉ ትዝ አላትና ዘጋችው።

«እሺ ቲቸር» አለች።

ከዚያ በፊት እንደዚህኛው በደስታ የሠራችው ሥራ የለም። አቡጀዲውን በባሕር ዛፍ ፍሬም ላይ ወጥራ፣ በኮላና በነጭ የግድግዳ ቀለም ቀብታ፣ ቆቡን፣ ስካርፉን፣ ያንን አፍንጫ አንድ በአንድ አወጣችው። ዐይኑን፣ አንዷን ዐይን፣ ከሁሉ አስበልጣ ለፋችባት። ትናንት አምጥታ ስታሳየው እሱባለው በጣቱ የራሱን አፍንጫ ከሥዕሉ ጋር እያመሳከረ ረክቶ ሄደ።

አሁን ብሩሾቿንና የተረፋትን ቀለም፣ ፍሬሙ ቢጫር ለማስተካከል ብላ፣ በፌስታል ይዛ ወጣች። ኮሌጁ ለመድረስ ገበያውን ማቋረጥ ግድ ነው። ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች ከየአቅጣጫው እየገቡ ነበር፤ ሽንኩርት በኪሎ መቶ ሃያ ገባ ተብሎ ሴቶቹ ከነጋዴው ጋር ይጨቃጨቃሉ። ከፊቷ ደግሞ እሱባለው በተወለወለ ጫማው ጭቃ እየመረጠ እናቱን ይዞ ይሄዳል።  ወይዘሮ ታደለች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው አንድ አንድ ጊዜ ዞር እያሉ የትናየትን ያያሉ፤ እሷም አየሁ ላለማለት ሽንኩርት ትጠይቃለች።

አዳራሹ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ቢቀባም፣ ቢታጠብም፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው የዩሪያው ሽታ ይነሳል። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሞንታርቦው «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ለቡራኬ ከቤተ ልሔም ካህናት ተጠርተው መጥተዋል፤ ከእነሱ መካከል መሪጌታ ቀለመወርቅን ባየች ጊዜ የትናየት ወደ ጥግ ሸሸች። ይምጡ አይምጡ ሳትጠይቅ ነበር የቀረችው፤ ሥዕሉን እሳቸው ያዩታል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። ገበያተኛውም አህያውን በር ላይ እያሰረ፣ ዱላውን እንደያዘ ገባ። እንግዳ ፈታኝ የሆነችው መምህርት ሕሊና ከባሕር ዳር መንገድ ላይ ስለነበረች እሷን ሳይጠብቁ ጀመሩ። ዲኑ ተናገሩ፤ እሱባለው ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ከዚያ ምስሉን የሸፈነው ጨርቅ ተገፈፈ።

ጭብጨባ አልነበረም። ፀጥ አለ፤ ከዚያ በየአፉ ትንሽ ጉምጉምታ መጣ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ካህናቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሱባለው ከምስሉ ሥር ቆሞ ፀጥታውን አድናቆት ብሎ ተረጎመው፤ እጁን ዘርግቶ ሰላምታ ሲጠብቅ፣ ከቆሙት ገበሬዎች አንዱ ክንዱን በጋቢው ጠቅልሎ ክርኑን ሰጠው። መስቀል ሊሳለም ወደ አንዱ ቄስ ቢጠጋ፣ ቄሱ ሥዕሉን አንድ ጊዜ፣ እሱን አንድ ጊዜ አዩና መስቀሉን ከመስጠታቸው በፊት አንድ አፍታ አሰቡ።

«ማነው ይኸ?»

«የዚህ ቤት ሹም ነው አሉ።»

«ምን አርጎ ነው?»

«እንጃ። ሳያውቁበትማ እንዲህ አይሥሉትም።»

ወሬው አዳራሹ ውስጥ ሳለ «አንድ ነገር አርጓል» ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ የሰው ሚስት ቀምቷል፤ አህዮቹ ጋ ሲደርስ ሁለት ሚስት ቀምቷል፤ እህል ተራ ሲደርስ ደግሞ መሬት ገፍቷል፣ ያውም የወላጅ አልባ። የትናየት ጥግ ላይ ቆማ ትሰማለች። መጀመሪያ ላይ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ደስ ብሏታል። ደስታው የቆየው ግን ወይዘሮ ታደለች ከወንበራቸው እስኪነሱ ነው።

እናቲቱ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት፤ ሌላኛዋን ዐይን ከጀርባው ያገኟት ይመስል የፍሬሙን ጎን ሳይቀር አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እሱባለው፣ ምን አረግህ?»

«ምኑን እማ?»

«ሰው ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ አላውቅም። እኔ እናትህ ነኝ፤ ለኔ ንገረኝ።»

እሱባለው ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየው። ለፈተና የሚያወጣው ነገር መጣለት መሰለኝ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እማ፣ ይህ የጣሊያኖች ስልት ነው» አለ፤ ግን ድምፁ ሞንታርቦ ላይ የነበረው ድምፅ አልነበረም። ወይዘሮ ታደለች ጣሊያን ሲሰሙ ይባስ ደነገጡ። እግዜር ሲረዳው ስልኩ ጮኸ፤ መምህርት ሕሊና መናኸሪያ ደርሳለች። ምሳ ላብላት ብሎ በጥድፊያ ወጣ። እናቱ «አብረን እንሂድ» ቢባሉ አልሄዱም፤ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መሪጌታ ቀለመወርቅ ወደ የትናየት መጡ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

«በድሎሻል?» አሏት።

«በጎን ሥይኝ ብለው አዘውኝ ነው የኔታ።»

«ትርጉሙን ነገርሽው?»

«አልነገርኳቸውም» አለች። ልጅ ሆና ቀለም ያፈሰሰች ጊዜ ያዩዋት በነበረው ዐይን አዩዋት። «እኔ አንድ ዐይን የምሥልለትን ሰው ስሙን መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው» አሉ። «አንቺ ይኸን ከየት አየሽው?» የትናየት አፈረች። የተበደለችው እሷ ሆና ሳለ ማፈሯ አበሳጫት፤ ብስጭቱ ግን ኀፍረቱን አላስለቀቀውም። እዚያ ወንበሩ ላይ ያሉትን እናት ማየት አልቻለችም።

እሳቸው ግን አዩዋት። ተነስተው መጡና እጇን ያዙ፤ ጣቷ ላይ የደረቀውን ቀለም ዳሰሱ።

«አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«አዎ እማማ።»

ልረገም ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«በድሎሻል ልጀ። ዛሬ ጧት ያለውን ሰምቻለሁ፤ አንቺም እንደሰማሽ አውቃለሁ፤ ብርጭቆሽን ስታስቀምጭ ሰማሁሽ። እሱን እኔው ይዤ እጠይቀዋለሁ። አንቺ ግን ስለኔ ብለሽ ያችን የቀረችውን ዐይኑን አድርጊለት።»

«እማማ፣ ጎኑን ሰጥተው ስለተቀመጡ እኮ ነው። አንደኛዋ ዐይን በወዲያ በኩል ናት፤ አትታይም።»

«የት እንዳለችማ አታስተምሪኝ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ናቸው።»

ፊቱን አዙሮ እንደገና ለመሣል ጊዜ የለም፤ ምሳው በያይነቱ እንጂ ድግስ አይደለም፣ ቶሎ ያልቃል። የትናየት ፌስታሏን ፈታች። የቀራት ጥቁር፣ ነጭና ትንሽ ቡናማ ነው። ሥዕሉ ፊት ቆማ ቦታ ፈለገች። ከአፍንጫው ወዲያ ሰማያዊ መደብ ብቻ ነው፤ እዚያ ብታደርጋት ዐይን ሳይሆን ዝንብ ትመስላለች። ግንባሩ ላይ ቆብ አለ። የቀረው ሜዳ ጉንጩ ነው። ወደ አጎቷ ዞር ብትል አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ወይዘሮ ታደለች ብትዞር እጃቸውን አጣምረው እንደ ባለ ስለት ይጠብቃሉ። ሰውን ከመርዳትና ሥዕልን ከማዳን አንዱን መምረጥ ነበረባትና እናቲቱን መረጠች። ከመጀመሪያዋ ዐይን አጠገብ፣ ወደ ጆሮው መለስ ብሎ፣ ነጯን ቀባች።

ገበያተኛው ከበባት። አህያው እስካልተፈታ ድረስ የሚያስቸኩለው የለም።

«ከፍ አርጊያት ትንሽ።»

«ኧረ ከጆሮው አርቂያት፤ ትነካዋለች።»

«ካደረግሽ አይቀር ትልቅ ትሁን እንጂ።»

ትልቅ አደረገቻት፤ እንቁላል የምታህል፣ አጎቷ እንዳስተማሯት፣ ጥቁሯ መሀል ላይ ሆና ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብላ የምታይ። ብሌኗ ላይ የብርሃኗን ነጥብ ልታስቀምጥ ስትል መሪጌታ ቀለመወርቅ ሳይጠየቁ ክርኗን ደገፉላት። ሲያልቅ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ብዙ አዩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አልሠሩም፣ ሲሠራም አላዩም፤ ፂማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ የትናየት ሳቅ ይሁን ጸሎት አልለየችውም።

«ሁለት ናቸው» ብለው መሰከሩ።

ወይዘሮ ታደለች እልል ለማለት ቃጥቷቸው ቦታው ኮሌጅ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተዉት። ወሬው በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ሚስቶቹ ለባሎቻቸው ገቡ፣ መሬቱም ለወላጅ አልባዎቹ ተመለሰ። «እናቱ አማልዳው ነው» ተባለ። መስቀሉን ከመስጠታቸው በፊት ያሰቡት ቄስም ከምሳ ሲመለሱ አይተው፣ «ይገባል» አሉ።

እሱባለው መምህርት ሕሊናን እየመራ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዕድሜዋ ከእሱ የሚያንስ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። እሱ ከበሩ ጀምሮ ስለ ጣሊያን መኳንንት እያብራራ ነበር። ቀና ብሎ ምስሉን ሲያይ ዓረፍተ ነገሩ ከመሀሉ ተቆረጠ። ቆቡን አወለቀ። የትናየትን በዐይኑ ፈለጋት፤ ሊናገር የፈለገውን ሁሉ ፊቱ ላይ አነበበችው፤ ወገዳም ትምህርት ቤቱም ዲፕሎማውም እዚያ ፊት ላይ ሲጠፉ አየች። አፉን ከፈተ።

«የማን ሐሳብ ነው ይሄ?» አለች መምህርት ሕሊና። ቀረበች፤ ራቀች፤ እንደገና ቀረበች። «በጎን ፊት ላይ ሁለት ዐይን፤ ያውም የቤተ ክርስቲያን ዐይን።» ፈገግ አለች።

እሱባለው ፈገግታውን አየው። የተከፈተው አፉ ስድብ ይዞ ነበር የተከፈተው፤ ስድቡን ዋጠና በዚያው አፉ፣ «ለወራት አብረን የደከምንበት ሥራ ነው» አለ። ጋሽ ካሴ በሩ ላይ ሳል ያዛቸው።

«እሷን ልጠይቅ» አለች ፈታኟ፤ ወደ የትናየት ዞራ። «ለዚህ ሥራ ተጽዕኖ ያሳደረብሽ ሠዓሊ ማን ነው?»

ከመምህርት ሕሊና ትከሻ በላይ የእሱባለው ከንፈር ሲንቀሳቀስ የትናየት አየች። ያለ ድምፅ፣ ፊደል በፊደል፣ የፖስተሩን ሠዓሊ ስም እየነገራት ነው። ያንን ስም ብትጠራ አለፈች፤ ለጥያቄው ሁሉ መልሱን ራሱ ይሞላላታል። በወዲህ በኩል አጎቷ የወለሉን ሲሚንቶ ያያሉ፤ የእሳቸውን ስም ከዚህ በፊት ጠርታ የሆነችውን ያውቃሉና እንዳትጠራቸው የፈለጉ ይመስላሉ። ፈርታለች። ያም ሆኖ የጧቱ ነገር ከፍርሃቷ በለጠባትና ያ የክፍል ውስጥ ምላሷ ተመለሰ።

«ወይዘሮ ታደለች» አለች።

የእሱባለው ከንፈር ቆመ።

«አላውቃቸውም» አለች ፈታኟ፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ እየጻፈች። «የት ነው የሚሠሩት?»

«ስማዳ።»

«ምን ምን ሠርተዋል?»

«በብዛት ገብስ» አለች የትናየት።

እስክሪብቶው ቆመ። ወይዘሮ ታደለች ስማቸው ሲጠራ ስለሰሙ፣ ጥፋት ከሆነ ለብቻዋ እንዳትቀበለው ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። «እኔ ነኝ ልጀ» አሏት መምህርቷን። «አንዷን ዐይን እሷ ናት ከልቧ ያረገቻት። ሁለተኛዋን እኔ ለምኛት ነው። ልጄ ነው፤ ባንዲት ዐይን አላስቀረውም ብየ።» ሕሊና እሳቸውን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ከዚያ እሱባለውን አየች። እሱባለው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ እያሽከረከረ ነው። «እናቴ ናቸው» አለ፤ ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር። ፈታኟ አልሳቀችም፤ ደብተሯን ዘግታ፣ «ውጤቱን ቢሮ እሰጣለሁ» ብላ የተማሪ አበባውን ግራጫ አበባ ለማየት አለፈች።

የእሱባለው ቢሮ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የፎቶ ኮፒ ክምርና ከወንበሩ ጀርባ ያ ፖስተር። የትናየት ስትጠራ መምህርት ሕሊና ሥራዋን ጨርሳ ወጥታለች። እሱባለው ጠረጴዛው ጋ፣ እናቱ ባንደኛው ወንበር ላይ ናቸው። እናትና ልጅ የተነጋገሩት ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ የእሱባለው ዐይኖች ግን ቀልተዋል፣ ሁለቱም። የትናየት የምትቀመጥበት ስላልነበረ ቆመች።

«ፈታኟ ኤ ሰጥታሻለች» አለ፣ ወረቀቱን ሳይለቅ። «የሚጸናው ግን የክፍሉ ኃላፊ ሲፈርምበት ነው።» እስክሪብቶውን አነሳና አየር ላይ አቆየው። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያዘዝኩሽን አፍርሰሻል። በሌላ ሰው ልመና የተሠራ ነገር ደግሞ ፈጠራ ነው ወይ? እውነተኛ ፈጠራ…» ብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ እጁን ወደ ኋላው ወደ ፖስተሩ ዘረጋ።

ወይዘሮ ታደለች የእጁን አቅጣጫ ተከትለው ቀና አሉ። እስከዚያ ድረስ አላዩዋትም ነበር። ያችን ጎኗን የሰጠች ሴት፣ ያንን ወደ ግራ የሚሄድ አፍንጫ፣ ባንድ ጉንጭ የተደረደሩትን ሁለት ዐይኖች አዩ። ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው የቀኑ ድካም ለቀቀ፤ የሚያውቁትን ሰው ገበያ መሀል እንዳገኙ ሆኑ።

«ይችንም እናቷ ለምናላት ነዋ» አሉ።

እሱባለው ወንበሩን አዙሮ ሥዕሏን አየ። ለጋሽ ካሴ ያብራራላቸው ያ ሁሉ ነገር ሊመጣለት አፉ ጥቂት ተከፈተ፤ አልመጣም።  ብዙ ካየ በኋላ ወንበሩን መልሶ ወረቀቱን ሳበና ፈረመ።